«ሁልጊዜ» የምትባለዋ መልስ

(በጎንደር ከተማ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)



እኔ መጠይቅ ይዤ ቤት ለቤት የምዞር መረጃ ሰብሳቢ ነኝ። ዛሬ የማነሳው አንዲት ጥያቄ ነው፤ «ኮንዶም ተጠቅመዋል?» የምትለዋን።

በ1997 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ደም ተመርምሮ፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት 1.4 በመቶው ቫይረሱ በደማቸው እንደሚገኝ ታወቀ። ኮንዶም መጠቀም አለመጠቀም ግን በደም ምርመራ አይታወቅም። የምንይዘው የሰውን ቃል ነው።

ቃል ደግሞ ይስታል። አንደኛው ምክንያት መርሳት ነው። «ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ ተጠቀምክ?» ቢባል ማን ቆጥሮ ያስቀምጣል? ጥናቱ «ለመጨረሻ ጊዜ ግንኙነት ሲፈጽሙ ኮንዶም ተጠቅመዋል?» ብሎ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። የቅርቡ አይረሳማ!

ሁለተኛው ይሉኝታ ነው። በዳባትና በደባርቅ ደጋ እንግዳ ሲመጣ ቡና ይፈላል፣ ቤተሰቡ ይሰበሰባል። ስለ ልደትና ስለ ሞት ብትጠይቁ ሁሉም በግልጽ ይነግራችኋል። ግን እናቷ አጠገቧ ቁጭ ብለው ልጅቱ ስለ ኮንዶም ምን ትበል? እዚህ ከተማ ደግሞ ጎረምሳው ትምህርቱን ስለሚያውቀው ጠያቂውን ደስ ለማሰኘት «ሁልጊዜ!» ይላል። ስለዚህ ለብቻ ዞር ብለን፣ ሴቷን ሴት፣ ወንዱን ወንድ እንዲጠይቅ እናደርጋለን።

ይሄ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ የዚምባብዌ ጥናት በምርመራ የወንድ ዘር ፈሳሽ ምልክት ከተገኘባቸው 196 ሴቶች 94ቱ «ሰሞኑን ግንኙነት አልፈጸምንም» ወይም «በኮንዶም ብቻ ነው» ብለው ነበር። የአንዳንዱ ኮንዶም ተቀዶ ይሆናል፤ ግማሽ ያህሉ ግን በዚህ ብቻ አይገለጽም።

ታዲያ ምን ይጎዳል? «ሁሉም ይጠቀማል» የሚል ቁጥር ከወጣ ትምህርቱም ኮንዶሙም ወደ ሌላ አካባቢ ይዞራል፤ ያልተጠነቀቁት ይረሳሉ።

እናም ወገኖቼ፣ መጠይቅ ቢመጣባችሁ «አልመልስም» ማለት መብታችሁ ነው። ከሐሰት መልስ ዝምታ ይሻላል። ከመለሳችሁ ግን እውነቱን ንገሩን፤ እኛ ልንፈርድ አልመጣንም። ደግሞም ወረቀት ላይ የተጻፈ «ሁልጊዜ» ማንንም ከቫይረሱ አያድንም።