ኮምፒውተሩ በራሱ ሲጠፋ

ወንድ አቅራቢ፦ እህቴ፣ በደሴም በኮምቦልቻም የብዙ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች እንጀራ በአንድ ዴስክቶፕ ላይ ነው። የደንበኛ ማመልከቻ እየተጻፈ ድርግም ሲል ከየት ይጀመር?

ሴት አቅራቢ፦ ከአጠፋፉ። ሥራ ሲበዛበት የሚጠፋ ከሆነ ሙቀትን ጠርጥር። ብዙው ፕሮሰሰር ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሙቀቱ ከዚያም ካለፈ እንዳይቃጠል ኮምፒውተሩ ይጠፋል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከደሴ ትሞቃለች፤ አቧራ የያዘው ፋን ያባብሰዋል።

ወንድ አቅራቢ፦ ደሴስ? ብርድ አይደለችም?

ሴት አቅራቢ፦ ብርዱ ያግዛል። ግን ከ2,400 ሜትር በላይ አየሩ ስስ ነውና ፋኑ የሚያወጣው ሙቀት ይቀንሳል። እዚህም አቧራው ይጠረግ፣ የደረቀው የፕሮሰሰር ቅባት ይቀየር።

ወንድ አቅራቢ፦ ሥራ ሳይበዛበት ከጠፋስ?

ሴት አቅራቢ፦ ያኔ መብራቱንና ፓወር ሰፕላዩን እይ። አምፖሉ ሲደበዝዝ አብሮ ከጠፋ ስታቢላይዘር ወይም ዩፒኤስ ያሻዋል። ዊንዶውስ የሚመዘግበው «ከርነል ፓወር 41» በአግባቡ አለመዘጋቱን እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። ፓወር ሰፕላዩን በሌላ ደህና ተክታችሁ ሞክሩ፤ ግን አትክፈቱት፣ ከተነቀለም በኋላ ውስጡ አደገኛ ኤሌክትሪክ ሊቀር ይችላል።

ወንድ አቅራቢ፦ አድማጮቻችን፣ መንስኤው እስኪለይ ሥራችሁን ቶሎ ቶሎ ሴቭ አድርጉ፣ ቅጂውንም በፍላሽ ያዙ።