ከአራስነት እስከ ትምህርት ቤት የሚያገለግል የመኪና መቀመጫ

በአሜሪካ ገበያ «ሁሉን በአንድ» የሚባለው የሕፃናት የመኪና መቀመጫ ልጁ በመጀመሪያ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ፣ ቀጥሎ ወደ ፊት ዞሮ፣ በመጨረሻም ከፍ ብሎ በመኪናው ቀበቶ እየታሰረ የሚቀመጥበት ዕቃ ነው። በዚያ አገር የሚሸጥ ማንኛውም የልጆች መቀመጫ፣ ርካሽም ይሁን ውድ፣ ቁጥር 213 የተባለውን የፌዴራል የደኅንነት መስፈርት ማሟላት ስላለበት፣ የዋጋው ልዩነት በአብዛኛው ከጨርቁ ልስላሴና ከአገጣጠሙ ቅለት የሚመነጭ ነው፤ ስለዚህም ወደዚያ አገር አዲስ የገባ ቤተሰብ ርካሹን በመምረጡ ሊሰጋ አይገባም።

ይልቁንም ሊጤን የሚገባው መቀመጫው ወደ ኋላ ዞሮ ሳለ ለልጁ የሚፈቅደው የክብደትና የቁመት ጣሪያ ነው። የሕፃን ጭንቅላት ከሰውነቱ አንጻር ከባድ፣ አንገቱም ገና ያልጠና በመሆኑ፣ መኪናው ከፊት ሲጋጭ ወደ ኋላ የዞረው መቀመጫ የግጭቱን ኃይል በጀርባው፣ በአንገቱና በጭንቅላቱ ላይ ያከፋፍለዋል፤ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በ2018 እ.ኤ.አ. ቀድሞ ያስቀመጠውን የዕድሜ ገደብ ትቶ፣ ልጁ ጣሪያው ላይ እስኪደርስ በዚሁ አቅጣጫ እንዲቆይ መክሯል።

ለአራስ ሲገዛ የትከሻ ማሰሪያው ዝቅተኛ መውጫ ከሕፃኑ ትከሻ እኩል ወይም በታች መሆኑ ይታያል። ማሰሪያው የጠበቀው ትከሻው ላይ በሁለት ጣት ሲቆነጠጥ ጥብጣቡ አልታጠፍ ሲል ነው። ታሪኩ ያልታወቀ ያገለገለ መቀመጫ ግን፣ ከባድ ግጭት አግኝቶት ሊሆን ስለሚችል፣ በነጻ ቢሰጥ እንኳ አይወሰድ።