ቴሌ ሲቋረጥ መልእክታችሁ በማን እጅ ያልፋል?

ዛሬ ስለ ስልካችሁ ላውራችሁ።

አጠገባችሁ ለተቀመጠ ጓደኛ በቴሌግራም «የት ነህ?» ብትሉት መልእክቱ በቀጥታ እሱ ጋ አይሄድም። ወደ አንቴናው፣ ከዚያ ወደ ቴሌ፣ ከዚያ ባሕር ተሻግሮ ሰርቨር ጋ ደርሶ ይመለሳል። በየመገናኛው ራውተር የሚባል ማሽን አለ፤ አድራሻውን አይቶ ለቀጣዩ ያቀብላል፣ በቃ። እስከ መጨረሻው ያለውን መንገድ ማወቅ አይጠበቅበትም።

አንቴናው ሲዘጋስ? ያኔ ስልኮቹ ራሳቸው ራውተር መሆን ይችላሉ፤ በብሉቱዝ ወይም በዋይፋይ ከስልክ ወደ ስልክ ይቀባበላሉ። ችግሩ ሰው አንድ ቦታ አይቆምም፤ መንገዱም አብሮት ይቀየራል። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤኦዲቪ የሚባል ደንብ ለዚህ ያለው መላ ደስ ይላል። መልእክት ሲኖር ብቻ «እገሌን የምታውቁ?» ብሎ ጎረቤቶቹን ይጠይቃል። እነሱም ጎረቤቶቻቸውን ይጠይቃሉ፤ እገሌ ሲገኝ መልሱ በመጣበት ይመለሳል። ልክ የሠፈራችን አፋልጉኝ ማለት ነው! መሃል ላይ ስልክ ከሌለ ግን ነገሩ እዚያው ይቀራል።

አሁን ልብ በሉ። በ2019 የሆንግ ኮንግ ሰልፈኞች ስልክን ከስልክ የሚያቀባብለውን ብሪጅፋይ የተባለ አፕ ተጠቅመው ነበር። በ2020 የለንደኑ ሮያል ሆሎዌይ ተመራማሪዎች ሲፈትሹት፣ የግል መልእክት ማንበብም፣ ማን ከማን ጋር እንደሚያወራ መለየትም፣ በሌላ ሰው ስም መላክም ይቻል ነበር። መልእክታችሁ እኮ በማታውቁት ሰው ኪስ ነው የሚያልፈው! ስለዚህ እንዲህ ያለ አፕ ስትጭኑ «ኢንተርኔት አይፈልግም» የሚለው ብቻ አያስደስታችሁ፤ ምስጠራውን ገለልተኛ ባለሙያ ፈትሾታል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ካልተፈተሸ የሰው ስምና ቦታ አትጻፉበት።