የጣዝማ እርባታ አጀማመር፦ ቆፍሮ ከመጨረስ አርብቶ መጠቀም



የዛሬው ሥልጠናችን ስለ ጣዝማ ነው። ጣዝማን የማያውቅ ከመካከላችን የለም። ጉንፋን የያዘው፣ ሳል ያስቸገረው ሁሉ ማሯን ይፈልጋል፤ ዋጋዋም ከተራው ማር ይበልጣል። እስኪ ልጠይቃችሁ፦ አምና ጣዝማ ከቆፈረበት ጉድጓድ ዘንድሮ ደግሞ ማር ያገኘ አለ? የለም። የማር ንብ ጎጆዋ ቢፈርስ ንግሥቷን ይዛ ትሰደዳለች። የጣዝማ ንግሥት ግን እንቁላል መጣል ከጀመረች በኋላ ሆዷ ስለሚከብድ መብረር አትችልም። ስለዚህ አንድ ጊዜ በዶማ ያፈረስነው ጎጆ አበቃለት ማለት ነው። በየዓመቱ ፍለጋው የሚርቅብን ለዚህ ነው።

መፍትሔው ኅብረ ንቡን ሳይጎዱ ወደ ሣጥን ማዛወር ነው።

አንደኛ፣ ከመቆፈራችሁ በፊት ሣጥኑን አዘጋጁ። ወፈር ካለ ደረቅ ጣውላ ይሠራ፤ ክዳኑ ይግጠም፤ አንዲት ጠባብ መግቢያ ይበቃዋል።

ሁለተኛ፣ ቀጭን ለስላሳ እንጨት በመግቢያው ሰዳችሁ መንገዱን ተከተሉ። ከላይ አትደርምሱ፤ በጎን በኩል ቆፍራችሁ ቅረቡ።

ሦስተኛ፣ የእጩን ክፍል እንደተቀመጠ፣ ላዩን ላይ ታቹን ታች አድርጋችሁ አንሡ። እንቁላሉ በፈሳሽ ምግብ ላይ ስለሚንሳፈፍ ከተገለበጠ ይሞታል። ሆዷ ትልቅ የሆነውን ንግሥት ፈልጉ፤ በጣታችሁ ሳትጫኗት ከእጩ ጋር ትግባ።

አራተኛ፣ የተሰበረ የማር ማሰሮ ወደ ሣጥኑ አታስገቡ። እኔ ስጀምር የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። «እንዳይርባቸው» ብዬ የፈሰሰውን ሁሉ አብሬ ከተትኩ። ሽታው ጉንዳን ጠራ፤ ትንንሽ ዝንቦችም እንቁላል ጣሉበት። በሌላ ቀን ስከፍተው ያገኘሁት ትል ብቻ ነበር። የተሰበረውን ለቤታችሁ ውሰዱ፤ ለእነሱ ያልተነካውን ብቻ ተዉላቸው።

አምስተኛ፣ የድሮውን የመግቢያ ሙጫ በሣጥኑ ቀዳዳ ዙሪያ ለጥፉ። ሣጥኑን እዚያው ጉድጓዱ አጠገብ አስቀምጡ፤ ለቀሰም የወጡት ሲመሽ ይሰበሰባሉ። ከዚያ ቀዳዳውን አየር በሚያስገባ ነገር ዘግታችሁ በሌሊት አጓጉዙ።

ስድስተኛ፣ ሣጥኑን ከጥላ ሥር፣ በመቆሚያ ላይ አኑሩት። የመቆሚያውን እግሮች የተቃጠለ ዘይት በያዘ ጣሳ ውስጥ አቁሙ፤ ጉንዳን አይወጣም። በአካባቢው ፀረ ተባይ አትርጩ። ግራዋ፣ ብሳና፣ ዋንዛና ኑግ ካላችሁ ቀሰም አላችሁ።

በመጀመሪያው ዓመት ማር አትቁረጡ፤ ቤታቸውን ይሥሩ። ከዚያ በኋላ በአበባ ወቅት የሞሉትን ማሰሮዎች ብቻ በንጹሕ ዕቃ ቅዱ፤ የእጩን ክፍል አትንኩ፤ ለክረምት የሚሆናቸውንም አስቀሩ። የጣዝማ ማር ውሃው ብዙ ስለሆነ ቶሎ ይቦካል፤ በንጹሕ ጠርሙስ ከድናችሁ በቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡ። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ምንም ዓይነት ማር አይሰጥም።

ምርቷ ከማር ንብ ያንሳል፤ ይህን አልደብቃችሁም። ነገር ግን በዶማ የሚገኘው ማር የአንድ ቀን ነው፤ በሣጥን ያለችው ጣዝማ ግን በየዓመቱ ትሰጣለች። በአንድ ሣጥን ጀምሩ። እሱ ሲጸናላችሁ ሁለተኛውን እንነጋገራለን።