የልየታ መጠይቅ እና የእኛ ኃላፊነት

 የዶርም ቀልድ የጠበቃችሁ ካላችሁ ይቅርታ፤ እኔ ስለ አንዲት ወረቀት ነው የማወራችሁ።

ወረቀቷን ሁላችንም እናውቃታለን፤ ፒኤችኪው-9። ባለፉት 2 ሳምንታት ስለነበረ ስሜት 9 ጥያቄዎች አሏት። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሞላል፤ ድምሩ ቢበዛ 27 ነው። በብዙ ቦታ 10ና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው ለድብርት ሕመም በደንብ ይመርመር ይባላል።

በምሠራበት ተቋም መጠይቁን ያስጀመርኩት እኔ ነኝ። ነርሶች ይሞላሉ፤ 10 ከደረሰ ወደ እኔ ይልካሉ፣ ካልደረሰ ወረቀቱ ካርድ ውስጥ ይገባል። በወሩ መጨረሻ ስንት እንደተሞላ ቆጥሬ ሪፖርት አደርጋለሁ። ቁጥሩ ያምር ነበር።

አንድ ቀን አንዲት እናት ራሷን ልታጠፋ ሞክራ ቤተሰቦቿ ተሸክመው አመጧት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈች። ካርዷን ስገልጥ ከ3 ሳምንት በፊት የተሞላ መጠይቅ አገኘሁ። ድምሩ 7 ነው። ነገር ግን ሞትን ወይም ራስን መጉዳትን ስለማሰብ የሚጠይቀው ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ 2 ተከብቧል። ነርሷ ያደረገችው ያዘዝኳትን ነው። ጥፋቱ የኔ ነበር። እናትየዋ ስትድን፣ «ዶክተር፣ ያን ቀን ቁጭ ብሎ የጠየቀኝ ቢኖር እናገር ነበር» አለችኝ።

አሁን አሠራራችንን ቀይረናል። ዘጠነኛው ላይ ከ0 ሌላ መልስ ከተሰጠ፣ ድምሩ ምንም ይሁን ምን፣ ታካሚው በዚያው ቀን ሐኪም ሳያነጋግረው ወደ ቤቱ አይሄድም። ጥያቄው የሚነበበው አማትም ባልም በሌሉበት፣ በር ተዘግቶ ነው። ለምን እንደምንጠይቅም አስቀድመን እንናገራለን።

ሌላው ስህተት ደግሞ ቁጥሩን እንደ ምርመራ ውጤት መቁጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የአዲስ አበባ ሆስፒታል ጥናት መጠይቁ ሕመሙ ካለባቸው 86 ከመቶውን እንደሚይዝ፣ ከሌለባቸው ደግሞ 67 ከመቶውን በትክክል ነጻ እንደሚል አሳይቷል። እስቲ አብረን እናስላ። ከ100 ታካሚ 10ሩ ታመዋል እንበል። መጠይቁ ወደ 9 የሚጠጉትን ያገኛል፤ ከጤነኞቹ 90 ግን 30 ያህሉንም «ታመሃል» ይላል። በቁጥሩ ብቻ መድኃኒት ብንጽፍ ምን እንደሚፈጠር እናንተው ገምቱ። መነሻ ነጥቡም ቢሆን ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ በቡታጅራ ጤና ጣቢያዎች በተደረገ ጥናት የተሻለው 5 ሆኖ ተገኝቷል።

መምህራኖቻችን፣ ለዛሬ ተማሪዎች መጠይቅ መሙላትን ስታስተምሩ፣ ከተሞላ በኋላ ማን ምን እንደሚያደርግም አብራችሁ አስተምሩልን። የምንልክበት ቦታ፣ የሚያዳምጥ ሰው ሳናዘጋጅ ሰውን «ሞት ያስመኝሃል ወይ?» ብሎ ጠይቆ ዝም ማለት ነውር ነው። እኔ ይህን ዘግይቼ ነው የተማርኩት፤ እነሱ ከእኛ ቀድመው ይወቁት።