ፈንዱን ከመጠየቃችን በፊት

እህቶቼ፣ ቤት ለሌላቸው እናቶች መጠለያ ከመንግሥት የሲቪል ማኅበረሰብ ፈንድ ድጋፍ እንጠይቅ የሚለውን ሐሳብ እደግፋለሁ። ፈንዱ የተቋቋመው በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። ይኸው አዋጅ ለሌሎች ጥቅም የሚሠራ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይከለክላል። የዓመት ገቢያችን 100 ሺህ ብር ቢሆን፣ የቢሮ ኪራይ፣ የስልክ ካርድና የእኔም ደመወዝ ተደምሮ ከ20 ሺህ ማለፍ አይችልም። ቆርቆሮውና የአናጢው የቀን ክፍያ ግን የፕሮግራም ወጪ ናቸው፤ አይቀላቀሉ። ጭቃ ስትመርጉ የምታወጡት ጉልበትም በብር ተተምኖ ይጻፍ፤ ለውድድሩ የምናቀርበው መዋጮ እሱ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በሰው ግቢ ያለ ቤት አድሰን ስናበቃ አከራዩ ኪራይ ቢጨምርስ? እናቲቱ ከነልጆቿ ተመልሳ የጫጫ ብርድ ላይ ናት። ስለዚህ ከቆርቆሮው ፕሮፎርማ በፊት በምስክር ፊት የተፈረመ የኪራይ ውል አምጡልኝ። ያለዚያ በጀቱ ላይ አልፈርምም።