ከጦር ሜዳ መልስ



ወታደር ሲዘምት ሕዝብ ይሸኘዋል፤ ሲመለስ ግን እንዴት እንደሚኖር የሚጠይቀው ጥቂት ነው።

የቃኘው ሻለቃ ጦር በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ዘመተ። በ1945 ዓ.ም. የተኩስ ማቆም ስምምነት ሲፈረም የወታደሮቹ ሥራ አላለቀም፤ በቶንግዱቾን ከተማ ወላጅ ያጡ የኮሪያ ሕፃናትን ሰብስበው አሳደጉ። እናትና ሚስቶቻቸው እዚህ በናፍቆት ይጠብቋቸው ነበር።

ሲመለሱስ? በአዲስ አበባ ኮሪያ ሰፈር የሚባለው መንደር ለእነርሱ መኖሪያ ሆነ። ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ ግን ከኮሙኒስት ጋር ተዋግተዋልና ብዙዎቹ ተገፍተው በችጋር ኖሩ። ወዳጅነቱን ያደሱት ከሩቅ የመጡ ናቸው። በ1960 ዓ.ም. የዘማቾቹ ሐውልት የቆመባት የቹንቾን ከተማ፥ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ እኅት ከተማ ናት፤ ኮሪያውያንም ለዘማች ልጆችና የልጅ ልጆች የትምህርት እርዳታ ይሰጣሉ።

እኔን የሚያሳፍረኝ ይህ ነው፤ በዚሁ ከተማ እየኖርሁ እስከ አምና ድረስ የአንድ ዘማች ደጃፍ ረግጬ አላውቅም ነበር። አምና አያቴ ወደ አንዲት የዘማች ሚስት ቤት ይዛኝ ሄደች። እማማ ቡና እያፈሉ፥ «የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ፤ ከዚያም ባላቸው የተነሡትን ፎቶግራፍ ከሣጥን አወጡ። ለማሳየት ሰው ሲጠብቁ የኖሩ ይመስሉ ነበር።

በመጪው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንደገና እሄዳለሁ። መምጣት የሚፈልግ ጓደኛ በትምህርት ቤቱ በር ይጠብቀኝ።